ለአዲስ መኪና ተጨማሪ ዋራንቲ መግዛት ያዋጣል? የአምራቹ ውል፣ የሦስተኛ ወገን ውል እና የራስ ቁጠባ ሲነጻጸሩ

በአሜሪካ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው በዋጋው ተስማምቶና ብድሩ ተፈቅዶለት ቁልፉን ሊረከብ ሲል ወደ ፋይናንስ ቢሮ ይገባና «ዋራንቲውን እስከ 7 ዓመት ወይም እስከ 75,000 ማይል እናራዝምልዎ፤ በወር የሚጨምረው 42 ዶላር ብቻ ነው» ይባላል። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ገዢው ግማሽ ቀን በዲለሩ፣ ማለትም በመኪና ሻጩ ድርጅት፣ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ ስለሆነ መልሱን ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። ከፊት ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ የመኪናው አምራች ራሱ የቆመለትን ውል መግዛት፣ ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌለው ድርጅት የሚሸጠውን ውል መግዛት፣ ወይም ሁለቱንም ትቶ ገንዘቡን ለጥገና በራስ ስም ማስቀመጥ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን በአንድ መኪና ቤተሰባቸውንም እያመላለሱ ኡበርም ስለሚሠሩበት፣ በንጽጽሩ ውስጥ ለእነርሱ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቷል።

በመጀመሪያ መኪናው ይዞት የሚመጣውን ዋስትና ማወቅ ያስፈልጋል፤ ክፍያው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተካቷልና። ቶዮታና ሆንዳ ለአብዛኛው የመኪናው ክፍል 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሰጣሉ፤ ከዓመቱና ከማይሉ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ሀዩንዳይና ኪያ ለአብዛኛው ክፍል 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ ለመጀመሪያው ባለቤት 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ይሰጣሉ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል ይሸፍናል። የጭሱን ብክለት የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የሞተሩ ኮምፒውተርም ብልሽት ቢገጥማቸው በፌዴራል የአየር ብክለት ሕግ መሠረት 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና አላቸው። ስለዚህ «ሃይብሪድ ባትሪው ቢሞትብዎ በሺዎች ይከፍላሉ» እየተባለ የሚሸጥ ውል፣ ቢያንስ በአዲስ ቶዮታ ላይ፣ አስቀድሞ የተሸፈነን ነገር መልሶ ማስከፈል ነው።

ተጨማሪው ውል በእርግጥ የሚሰጠውን ለማወቅ ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። አብዛኞቹ የአዲስ መኪና ውሎች የሚቆጠሩት የፋብሪካው ዋስትና ካለቀበት ቀን ሳይሆን መኪናው ከተሸጠበት ቀንና ከዜሮ ማይል ጀምሮ ነው። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ የቶዮታ ባለቤት የ7 ዓመት ወይም የ75,000 ማይል ውል ቢገዛ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ፋብሪካው ይሸፍናቸዋል፤ 75,000 ማይሉ ደግሞ ከ6 ዓመት ከ3 ወር በኋላ ይሞላል። 7 ዓመት ተብሎ የተሸጠለት ነገር ለእርሱ ከ3 ዓመት ብዙም የማያልፍ ሽፋን ሲሆን፣ ለሞተሩና ለካምቢዮው ደግሞ የሚጨምርለት 15,000 ማይል ብቻ ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያና ዘይት ቅያሪ በአብዛኞቹ ውሎች ውስጥ አይገቡም።

በወር 42 ዶላር የተባለውንም እንመልከተው። የውሉ ዋጋ 2,400 ዶላር ሆኖ በ8 በመቶ ወለድ የ72 ወር ብድር ላይ ቢጨመር በወር 42 ዶላር ያህል ይመጣል፤ ብድሩ ሲያልቅ ግን የተከፈለው ወደ 3,030 ዶላር ደርሷል። ዋጋው እንደ መኪናው ዋጋ ሁሉ በድርድር ይቀንሳል፤ አንዱ ዲለር የሚጠይቀውን ሌላው፣ ለዚያው የአምራች ውል፣ በብዙ መቶ ዶላር ዝቅ አድርጎ ሊሸጠው ይችላል። የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ በኋላ መግዛትም ብዙ ጊዜ ስለሚቻል «ዛሬ ካልፈረሙ አያገኙትም» የሚለው ንግግር ሊያስቸኩልዎ አይገባም።

የግድ ውል መግዛት ካለብዎ የአምራቹ ከሦስተኛ ወገኑ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የአምራቹ ውል በየትኛውም የዚያ ስም ዲለር ተቀባይነት አለው፤ ክፍያውም በዲለሩና በአምራቹ መካከል ያልቃል። በሦስተኛ ወገን ውል ግን ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደውሎ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ካምቢዮው ተፈትቶ ካልታየ ድርጅቱ አይወስንም፤ የመፍቻውንም ሥራ በቅድሚያ የሚፈቅደው ባለቤቱ ነው። ተፈትቶ ሲታይ «ምክንያቱ በውሉ ውስጥ የለም» ከተባለ፣ ባለቤቱ የመፍቻውንም የመጠገኛውንም ይከፍላል፤ መኪናው እስከዚያው እንደተፈታ ቆሞ ይቆያል። እንዲህ ያለ ውል የሚሸጠውና በማስታወቂያ የታወቀው ካርሺልድ በ2024 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አሳሳች ማስታወቂያ በሚል ላቀረበበት ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስልክ ደውለው «የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው» ለሚሉት ምንም መረጃ መስጠት አያስፈልግም፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 እንዲህ ባለ የጥሪ መረብ ላይ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሏል።

ሦስተኛው ምርጫ፣ ማለትም ያንኑ 42 ዶላር በየወሩ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ለብዙ ሰው የተሻለ ነው። ሸቀጦችን የሚፈትሸው የሸማቾች ድርጅት ኮንሱመር ሪፖርትስ በ2014 ባወጣው የዳሰሳ ውጤት ውል ከገዙት መካከል 55 በመቶው ለአንድም ጥገና አልተጠቀሙበትም፤ የውሉ መካከለኛ ዋጋ ከ1,200 ዶላር ጥቂት ከፍ ሲል፣ የተጠቀሙት ሰዎች ያተረፉት መካከለኛ የጥገና ወጪ 837 ዶላር ነበር። በእርግጥ ይህ መንገድ የሚሠራው ገንዘቡ በትክክል ከተቀመጠ ነው። ድንገት የመጣ የ2,000 ዶላር ጥገና የቤት ኪራይ የሚያስቀርበት ቤተሰብ፣ በሒሳብ ብቻ ሲታይ የማያዋጣ ውል ቢገዛም ምክንያት አለው።

የኡበርና የሊፍት ሹፌር ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በዓመት 50,000 ማይል ለሚነዳ ሰው የ36,000 ማይሉ ዋስትና ከ9 ወር ባነሰ ጊዜ፣ የ60,000 ማይሉ ከ15 ወር ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ከላይ ያየነው የ75,000 ማይል ውልም በ18ኛው ወር ይዘጋል። ለእርሱ ትርጉም ያለው የማይሉ ቁጥር እንጂ የዓመቱ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ግን ብዙ ውሎች መኪናው ለንግድ ሥራ ከዋለ ጥገናውን እንደማይከፍሉ የሚደነግግ አንቀጽ መያዛቸው ነው። ሀዩንዳይም ቢሆን የ10 ዓመቱን የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለታክሲና ለመሳሰሉት የንግድ መኪኖች አይሰጥም። ስለዚህ ዋስትናው በቶሎ የሚያልቅበት ሹፌር፣ ያለ ማስተዋል ከፈረመ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ያለ ሽፋን የሚቀርም እርሱ ነው። ከ15 ወር ባነሰ ጊዜ 60,000 ማይል ያሳየ መኪና ለሥራ መዋሉን የውሉ ድርጅት መርማሪ ከማይል ቆጣሪው ስለሚረዳ መደበቅም አይቻልም። አንዳንድ ውሎች ተጨማሪ ክፍያ እየተቀበሉ የሰው ማመላለሻ ሥራን ስለሚያካትቱ ያንን መጠየቅ፣ መልሱም በሻጩ ቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ እንዲገኝ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ በጽሑፍ ካልተገኘ አይፈርሙ።

ውል ቢገዙም ባይገዙም የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን ቀንና ማይል አስጽፈው ያስቀምጡ። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ዘይቱ በሚያውቁት ጋራዥ ስለተቀየረ ብቻ አምራቹ ዋስትናውን እንዳይከለክል ይጠብቅዎታል፤ ሥራው መሠራቱን ማሳየት ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። ሃይብሪድ የሚነዱ ከኋላ መቀመጫ አካባቢ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር ማስገቢያ የተሳፋሪ ሻንጣ እንዳይደፍነው ይከታተሉ፤ ማጣሪያ ካለውም ሲጸዳ ደረሰኝ ይያዙለት።

እንግዲህ በዓመት ከ12,000 ማይል ብዙም ለማያልፍ የቶዮታ፣ የሆንዳ፣ የሀዩንዳይ ወይም የኪያ ገዢ ቁጠባውን እመክራለሁ። ጥገናው ውድ የሆነ የቅንጦት መኪና ገዝቶ ከ5 ዓመት በላይ ሊይዘው ላሰበ ሰው የአምራቹ ውል ሊያዋጣው ይችላል።

ፈርመው የሆነ እንደሆነም ጊዜ አለዎት። ብዙ ውሎች በ30 ወይም በ60 ቀን ውስጥ ጥገና ሳይጠየቅባቸው ከተሰረዙ ሙሉውን ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ከዚያም በኋላ ያልተጠቀሙበትን ድርሻ አስልተው፣ ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ቀንሰው ይመልሳሉ። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የዕለቱ የማይል ቁጥር ተጠቅሶበት መቅረብ አለበት። ውሉ በብድሩ ውስጥ ከገባ ተመላሹ የሚሄደው ለአበዳሪው ስለሆነ ወርሃዊ ክፍያዎ እንደነበረ ይቀጥላል፤ የሚቀንሰው የዕዳው መጠን ነው። መኪናውን ሲሸጡ ወይም በአደጋ ከጥቅም ውጭ ሲሆን የቀረውን ድርሻ ማስመለስ እንደሚቻል ስለማያውቁ ብዙዎች ይህን ገንዘብ ሳይጠይቁ ይቀራሉ።