ዶት 4 የፍሬን ዘይት በጣርማበር ቁልቁለት

ሞተሬ ፑልሳር ነች። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን አላት። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እመላለስባታለሁ። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1300 ገደማ። ይህን ሁሉ ሲወርዱ ትልቁን ጫና የሚሸከመው የፊት ፍሬን ነው።

ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ደረጃ ያስገባሁት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ክረምቱም በጋውም አልፎበታል፤ አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ሞተሯን ስገዛ ውስጧ የነበረው ዘይት እንደ ቡና የጠቆረ ነበር። ደብረ ሲናን አለፍ ስል የፍሬኑ እጀታ ይላላል። ቆሜ ሲበርድ ይመለሳል። አሁን ታች እስክደርስ ያው ጠንካራ ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። ስለዚህ እጀታውን ስትጨብጡ ጉልበታችሁ አረፋው ላይ ያልቅና ዲስኩን የሚጨብጠው ፓድ ጋ አይደርስም።

ቁጥሩም ይሄንኑ ይናገራል። በመስፈርቱ ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ብቻ ነው። ዶት 4 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። መለዋወጫ ሱቅ የሚነግሯችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። እናንተ ሁለተኛውን እዩ። ከወራት በኋላ የምትነዱት ወደዚያ እየወረደ ባለ ዘይት ነው።

5.1 ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ከከረመ 5.1 ይልቅ ያልተከፈተች ትንሽ ጠርሙስ ዶት 4 እመርጣለሁ። ዶት 5 የሚባለውን ግን ጭራሽ አትንኩት። ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ለማንኛውም የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ያልወደድኩለት ነገርም አለ። ቀለም ይበላል። ታንከር ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡት። የተረፈውንም ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ አይቻልም፤ ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ እርጥበት ይገባዋል።

ስትቀይሩ ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ከታች አሮጌው ሲወጣ ከላይ አዲሱን እየጨመራችሁ ሂዱ። ያለበለዚያ አየር ይገባና እንደገና አየር ማስወጣት ነው። የሞተር ዘይት ወይም ቤንዚን ወደ ፍሬኑ ጎሚኒዎች እንዳይጠጋ። ያብጣሉ፣ ከዚያ ፓዱን የሚገፋው ካሊፐር ይይዛል። ፓዱንም በዚያው አጋጣሚ እዩት።

ዘይቱ አሁንም ነጣ ያለ ቢጫ ነው። እርጥበቱ ግን በዓይን አይታይም። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ፤ እኔ በዚህ ቁልቁለት ያን ያህል አልጠብቅም። የሚመጣው ክረምት እንዳለቀ እቀይረዋለሁ፣ ያው ዶት 4።