ፕራዶዬን ያደሱልኝ የላንቻው ጋሼ

አስተያየቴ ስለ አንድ ጋራዥ ነው፤ ስሙን ግን አልጽፍም። ልጽፍ ነው ብዬ ስነግራቸው ባለቤቱ «በር ላይ የተደረደረውን መኪና አታዪም እንዴ? ሌላ ልትጨምሪብኝ ነው?» ብለው ከልክለውኛል። ላንቻ አካባቢ እንደሆነ፣ ጠና ያሉ ሰው እንደሆኑ፣ ናፍጣ ሞተር ብቻ እንደሚነኩ ከነገርኳችሁ ግን እዚያ ሰፈር ያለ ማንም ጎሚስታ ይጠቁማችኋል። እኔ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዋ ፕራዶ ናት። የ2006 ሞዴል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሞተሯ ባለ 3 ሊትሩ ዲ ፎር ዲ ነው፤ መካኒኮች 1ኬዲ የሚሉት። አራት ሲሊንደር፣ ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ ቱቦ የሚያድል)፣ ባለተርቦ (ተርቦ በጭሱ ጉልበት እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋው ዕቃ ነው)። እኔና ወንድሜ ቱሪስት እየጫንን የምንተዳደረው በእሷ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ የዘይት መብራት በራ። ወንድሜ ዳር አስይዞ ወዲያው አጠፋት። ቢሆንም ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ነበር፤ ተርቦውም ያፏጫል። አዲስ አበባ የገባችው በሎቤድ ተጭና ነው።

መጀመሪያ ሐሳባችን ማደስ አልነበረም። ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ ሙሉ ሞተር ጠየቅን። «የዱባይ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ገጥመሽ መንዳት ብቻ ነው» አሉን። የሚሸጡልኝ ግን ያው 1ኬዲ ነው። የእኔን የገደለው በሽታ እዚያኛውም ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ከፍቶ የሚያሳይ ሻጭ ደግሞ የለም። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም መንገድ ትራንስፖርት የሚሉት ጣጣ አለ። ሸጦ ሌላ መግዛትስ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል። በኤሌክትሪክ መኪና ኦሞ ልውረድ ብል ደግሞ ቱሪስቶቹን አስቀምጬ የት ነው ቻርጅ የማደርገው? ስለዚህ ማደስ ሆነ።

ጋራዥ ስዞር ከዋጋ በፊት የማስቀድመው ጥያቄ ነበረኝ። «ይሄ ሞተር ለምን ሞተ?» የሚል። ሞተር የሚያድስ ሰው ሁሉ ፒስቶን መቀየር ይችላል። የገደለውን ነገር ሳያገኝ ከገጠመው ግን አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ባለተርቦ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይሄዳል።

አንዱ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ዘይት አልቆበት ነው፤ የሾፌር ጥፋት» አለኝ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነበር። ሌላው መኪናዋን ሳያያት ሙሉ ዋጋ በስልክ ነገረኝ፤ ያውም በቅናሽ። አንዱ ደግሞ በትሕትና «እህቴ፣ ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር» አለኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ ብዬው ወጣሁ። እነዚህን ሰዎች ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። ከዚያ በፊት ተርቦው ማፏጨት ሲጀምር አዲስ የቀየረልን ጋራዥም ሌባ አልነበረም፤ ያስገባው ዕቃ ትክክለኛ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ተርቦ ምን እንደገደለው ግን አልጠየቀም። ዓባይ በረሃ ላይ ያፏጨው እሱ የገጠመው አዲሱ ተርቦ ነው።

ጋሼን ስጠይቃቸው «አላውቅም፤ ከፍቼ ልይ» አሉ። ዋጋስ? «ሳልለካ ምን ብዬ ልንገርሽ?» ለመፍታትና ለመለካት ብቻ የተወሰነ ብር ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ ባልስማማ የተፈታውን በካርቶን አሽገው እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ እንዲህ ዓይነት ውል አልገጠመኝም።

ወዲያው ልጆቹን የዘይት መያዣውን ከሥር አስወረዷቸው። ዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት የቡና አተላ በመሰለ ጥቁር ነገር ተደፍኗል። ጋሼ በጣታቸው ቆንጥረው አሳዩኝና «ይኸውልሽ ገዳይሽ» አሉ።

1ኬዲ ያለው ሰው ይህችን ነገር ይወቃት። ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ላይ የሚቀመጡት በቀጫጭን የመዳብ ዋሸር ነው። ዋሸሩ ሲያረጅ የሚቃጠለው ጋዝ በጎን ያፈተልክና ወደ ቴስታታው ክዳን ውስጥ ይገባል። እዚያ ዘይቱን ያቃጥለዋል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጥላሸት ይሠራል። ጥላሸቱ እየወረደ ታች ያለውን ወንፊት ይደፍነዋል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዘሽ ብታዪ ሙሉ ነው። ሞተሩ ግን ይጠማል። በተለይ ዳገት ላይ፣ ብዙ ዘይት በሚፈልግበት ሰዓት።

በጥሙ ቀድሞ የሚሞተው ተርቦው ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው መኪና እዚህ ጉልበት ያንሰዋል፣ አለቀ። ባለተርቦው ግን የጎደለውን አየር ለመሙላት ይበልጥ ይሽከረከራል። ዘይት ሲያጥረው የሚከፍለው ዋጋም በዚያው ልክ ነው። ተርቦ ብቻ የቀየረው ጋራዥ ወንፊቱን ቢያይ ኖሮ ሞተሩ ባልወረደ ነበር። ዋሸሩ በአንድ ምሳ ሒሳብ የሚገዛ ነገር መሆኑን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ መለካት መጣ። ጋሼን የወደድኳቸው እዚህ ላይ ነው። ሲለኩ ቁሚና እዪ ብለው ጠሩኝ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር የፋብሪካ ልኩ 96 ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱን ሲሊንደር ላይ፣ መሐልና ታች ለኩት፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ። ልጃቸው በካሬ ደብተር ይጽፋል። ሦስተኛው ሞላላ ሆኗል። ቁጥሮቹን አስነብበውኝ «ፋሻ ብቻ ለውጠን እንግጠመው የሚልሽ ካለ፣ ይሄን ገጽ አሳዪው» አሉ። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት ነው። ገጹን ፎቶ አነሳሁት፤ ስልኬ ላይ አለ።

አራቱም ሲሊንደሮች ወደ ቀጣዩ ልክ እንዲሰፉ ተወሰነ። ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን አካል) ግን ወዲያው ቶርኖ ቤት አልላኩትም። «ፒስተኖቹን ግዢና አምጪ። መጀመሪያ እነሱን እለካለሁ፤ ከዚያ ሲሊንደሩ በእነሱ ልክ ይሰፋል» አሉኝ። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥርና ውስጡ ያለው ፒስተን ሁልጊዜ አይስማሙም አሉ። ቀድሞ አስፍቶ ኋላ ፒስተን የሚፈልግ ሰው፣ ክፍተቱ የወጣለትን ሆኖ ነው የሚገጥመው። ባለተርቦ ላይ ፒስተኑ ይበልጥ ስለሚግል ያች በሚሊሜትር መቶኛ የምትቆጠር ክፍተት ቀልድ አይደለችም። የፋሻው አፍም (በሁለት ጫፎቹ መሐል ያለው ክፍተት) እንዲሁ፤ ጠቦ ከተገጠመ ሲሞቅ ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል።

ቴስታታው ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ በግፊት ተሞከረ፤ ደኅና ነው። ክራንክሻፍቱ ተጭሮ ስለነበር ተላገ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ለዚህ ሞተር የተለያየ ውፍረት እንዳለው የሰማሁት ያኔ ነው። ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ይለካና ውፍረቱ ይመረጣል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎኝ ነበር።

ስለ ዕቃ ግዢ ካነሳሁ አይቀር፣ የከተማችን ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። መካኒኩ «አብረን እንሂድ» ይልሻል፤ ሱቁ ዋጋው ላይ የእሱን ኮሚሽን ጨምሮ ይነግርሻል። ጋሼ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈው፣ አሮጌውን ዕቃ ለሳምፕል በፌስታል ቋጥረው «ከፈለግሽበት ግዢ» አሉኝ። ተክለሃይማኖት አንዱ ሱቅ ገና ዝርዝሩን ሳሳየው «የማን ጋራዥ ነው?» አለኝ። የራሴ ነው ስለው ዋጋው ወረደ።

ዝርዝሩ ላይ አንዳንዱን በቀይ አስምረውበታል። ፋሻ፣ ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ቅርፊት)፣ ጓርኒሲዮን፣ የኢንጀክተር ዋሸርና የታይሚንግ ቺንጋ ኦሪጅናል ካልሆኑ አልገጥምም ብለዋል። የሞተር መቀመጫ ጎማውን ግን «የታይዋኑን ብትገዢም አትሞቺም» አሉ። ሁሉንም ኦሪጅናል የሚያስገዛም፣ ሁሉንም በርካሽ የሚያስገዛም አይቻለሁ። የት እንደሚቆጠብ ለይቶ የሚነግር ሲገኝ ግን ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ተርቦው በአዲስ ተቀየረ። የዘይት መውሰጃ ቱቦውንም አብረው ለወጡት፤ አሮጌው ውስጡ ጠቧል፣ በማጠብ አይመለስም አሉ። ኢንተርኩለሩን (ከተርቦው የሚመጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) አውርደው ሲደፉት ዘይት ወጣ፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ይህን ሳያጥቡ አዲስ ተርቦ መግጠም ሁለት ጣጣ አለው። ብናኙ ወደ አዲሱ ሲሊንደር ይገባል። የተጠራቀመው ዘይት ደግሞ ከአየሩ ጋር ሲሳብ ናፍጣ ሞተር በራሱ ዘይት ይነዳል፤ ቁልፉን ብታጠፊም አይጠፋም፣ እስኪፈነዳ ይጮኻል። ጋሼ እንዲህ ሲሆን በዓይናቸው እንዳዩ ነግረውኛል። የት ጋራዥ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ።

ሞተሩ የተነሳበት ቀን ወንድሜም ነበር። ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት መስሎን ስልካችንን ለቪዲዮ ደግነናል። እሳቸው የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አስነቀሉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ በስታርተር ብቻ እረፍት እየተሰጠው ዞረ። ለጊዜው የገጠሙት የዘይት ግፊት መለኪያ ቀስቱ ከፍ እስኪል ድረስ። ተርቦው ዘይት ሳያገኝ እንዳይዞር ነው። ከዚያ በኋላ ሶኬቱ ተመለሰ፤ ሞተሩም ተነሳ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። «ሐሙስ» ካሉ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ መጠየቅ አለባችሁ። ስልክ አያነሱም፤ ልጃቸው ያነሳና «እየሠሩ ነው» ይላል፣ ያ ብቻ ነው መረጃው። ለእኛ መኪና የቆመበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው፤ አንድ የላሊበላ ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፈን ሰጥተናል። የእጅ ዋጋቸው ከሌሎቹ በሲሶ ያህል ይበልጣል። ደረሰኝ ለማግኘትም ትንሽ መጨቃጨቅ ነበረብኝ። መቀመጫ የለም፤ አጠገቡ ያለችው ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማ ባትሰጠኝ ቆሜ ነው የምውለው።

የልጆቹ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ጋሼ አይደለም። መኪናዋን ከተረከብን በኋላ ሱሉልታ መንገድ ላይ ፉሽ አለችና ጉልበቷ ጠፋ፤ ጥቁር ጭስ ተከተለን። የኢንተርኩለር ላስቲክ ማሰሪያ ሳይጠብቅ ቀርቶ ወልቋል። ወንድሜ መልሶ ሲወስዳት ጋሼ አንድም ሳይከራከሩ አስተካክለው፣ ሌሎቹን ማሰሪያዎችም በሙሉ ራሳቸው ፈተሹ። ብር አልጠየቁም። ልጁን የተቆጡትን ቁጣ ግን እኔ አልፈልገውም።

ስንረከብ የነገሩንን እስካሁን እየተከተልን ነው። መጀመሪያው ላይ ቁጭ አድርጎ በሚኒሞ ማሞቅ የለም፤ አለስልሶ መንዳት፣ ፍጥነቱን መቀያየር፣ ጭነት አለማብዛት። ዘይቱ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀየረ፤ ማጣሪያውን ቆርጠው ውስጡን አዩና «ንጹሕ ነው» አሉ። ዳገት ወጥተሽ ስትቆሚ ወዲያው አታጥፊ፣ ተርቦው ይቀዝቅዝ። ወንፊቱን ደግሞ ሌላ ጊዜ የዘይት መያዣውን አውርደን እናየዋለን ብለው ደብተራቸው ላይ ቀጠሮ ጽፈዋል። መቼም ሐሙስ ነው።

ፕራዶዋ ከዚያ ወዲህ ዓባይን ወርዳ ወጥታለች፤ አርባ ምንጭም ደርሳ መጥታለች። በዘይት ለውጥ መካከል ዘይት ጨምረንባት አናውቅም። ተርቦው ድምፁ አይሰማም።

መኪናው በሳምንት ካልተመለሰልኝ የሚል ሰው አይሂድ፤ ይጣላል። ሃይሉክስ፣ ፕራዶ ወይም ሚትሱቢሺ ናፍጣ ይዞ መጠበቅ የሚችል ይሂድ። ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ጋሼን ራሳቸውን ታገኛላችሁ። ባለተርቦ ቤንዚን ይዛችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ። አንድ ሱባሩ የያዘ ልጅ ፊቴ ለምኗቸው ነበር። «እሱን አላውቀውም፤ በአንተ ገንዘብ አልማርም» ብለው መለሱት።