ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ ልጅ የቤቱን አሮጌ ኮሮላ ማደስ ይሻላል ወይስ ቪትዝ መግዛት?

ልጄ ዘንድሮ ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው) ትጀምራለች፣ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ከቤት እየተመላለሰች ነው የምትማረው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አይለቅም፣ ማታ ከላይብረሪ ስትወጣ በዛ ዝናብ ባጃጅ ስትጠብቅ ማሰቡ ለኔም ለእናቷም ከበደን። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ይዘን ተቀመጥን፣ አንደኛው ቤት ያለችውን 340 ሺ ኪሎ ሜትር የሄደች የ90ዎቹ ኮሮላ (በፈረንጅ ነው፣ ሞተሯ 1.3 ሊትር) አድሶ መስጠት፣ ሁለተኛው ኮሮላዋን ሸጦ ብር ጨምሮ ቪትዝ መግዛት። ሁለት ወር ሙሉ ስንጠይቅና ስናይ ከረምን፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ያለ ወላጅ ብዙ ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋጋ ላይ ብዙ አልቆይም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቁጥር ብጽፍም አይጠቅማችሁም። ግን በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው የሚሽከረከሩት፣ ስለዚህ የራሳችሁ መኪና ጥሩ ብር ቢያወጣም የምትገዙትም በዛው ልክ ወጥቶ ነው የሚጠብቃችሁ። በዛ ላይ የደላላ አለ፣ የስም ማዛወሪያ አለ። እኛ ስናሰላው ጨምረን የምንከፍለው ብር ኮሮላዋን ከጎማ እስከ ራዲያተር አድሶ ይተርፋል። ኤሌክትሪኩን እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም፣ ዋጋው የሌላ ሰው ኪስ ነው።

ትልቁ ልዩነት ታሪክ ማወቅ ነው። ኮሮላዋ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ፣ የት እንደተጋጨች፣ ምን እንደሚያማት አውቃለሁ። ቪትዞቹ ግን ሁሉም 90 ሺ፣ 110 ሺ ነው የሚያነቡት። አንዷን 98 ሺ ብለውን ስናያት የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል፣ መሪዋ እንደ መስታወት ለስልሷል፣ ይሄ በ98 ሺ አይመጣም። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስንከፍተው ጭሱ እፍ እፍ ይላል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ ቪትዝ የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ፣ ባለቤቱ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ በቀዝቃዛው ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል። ቁልፉ ሲከፈት ደግሞ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፣ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ሞተር ላይ ቪትዝ አንድ ነገር ትበልጣለች፣ ታይሚንጓ (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር እኩል የሚያስኬደው) በሰንሰለት ነው፣ የኛ ኮሮላ ግን በቺንጋ ነው፣ ቺንጋ ደግሞ በየ100 ሺው ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ ካላስታወሳችሁ አሁኑኑ ቀይሩት፣ ከተከፈተ አይቀር የውሃ ፓምፑንም፣ መወጠሪያውንም አብራችሁ ቀይሩ ምክንያቱም የእጅ ዋጋው ያው አንድ ነው። ሰንሰለት ማለት ግን ምንም አይነካውም ማለት አይደለም፣ ዘይት ካልተቀየረለት ይለጠጥና ጠዋት ላይ ይንኳኳል። የመጀመሪያዋ ባለ 1.0 ቪትዝ፣ እስከ 2005 በፈረንጅ የተመረተችው፣ አራት ሲሊንደር ናት፣ ከዛ በኋላ የመጣችው ባለ 1.0 ግን ሶስት ሲሊንደር ስለሆነች ቆማ ስትሰራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ተበላሽታለች ብላችሁ አትደንግጡ።

ነዳጅ ላይ ቪትዝ ያለጥርጥር ታሸንፋለች፣ ፓርኪንግም እንደዛው። መለዋወጫ ለሁለቱም እኩል ነው፣ ጅማ ከጠፋ ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶብስ ይላካል።

አሁን ኮሮላዋን ምን እንዳደረግናት። ቀለምና ወንበር አልነካንም። መጀመሪያ ያየነው ማቀዝቀዣውን ነው፣ አሮጌ መኪና ወጣት ነጂ እጅ ላይ ሲገባ ቶሎ የሚሞተው በሙቀት ነው፣ ልጅ የሙቀት ጌጁን አያይም። ድሮ አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ ጥሎት ነበር፣ ብዙ ቦታ "እንዳያሞቅ" እያሉ ያወጡታል፣ ግን ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚሄድ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። አስመለስነው። የራዲያተር ክዳኑም በአዲስ ተቀየረ፣ ጅማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ 94 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ከዛ በላይ ይዞ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው፣ ክዳኑ ከላላ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖም ይፈላል። የቧንቧ ውሃ አስደፍተን ኩላንት አስሞላን።

ከዛ ፍሬን። ሸራው ተቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱም ጠቅላላ ተቀየረ፣ ይሄንን ሰው ይረሳዋል፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት አመቱ መቀየር አለበት። ልጃችሁ አዲስ አበባ የምትማር ከሆነና 350 ኪሎ ሜትሩን የምትነዳው እሷ ከሆነች ይሄ በጣም ይለያል፣ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣ ከወረደች እርጥበት የያዘው ዘይት ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ማርሽ ቀንሳ መውረድን አስተምሯት። አውቶማቲክ ቪትዝም ብትሆን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ (እንደ ሞዴሏ 2 እና ኤል) ማውረድ ይቻላል፣ ብዙ ልጆች ግን ከዲ ውጪ ነክተውት አያውቁም።

ጎማ ላይ አትቆጥቡ፣ አራቱንም አዲስ አደረግን። አዲስ ነው የተባለው ሁሉ ግን አዲስ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ያለውን አራት ቁጥር እዩ፣ 2319 ካለ በ2019 በፈረንጅ ሃያ ሶስተኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ሱቅ ውስጥ አመታት የተቀመጠ ጎማ አሁንም እንደ አዲስ ይሸጣል።

እኛ ኮሮላዋን መረጥን። ከስር ወለሉን ዝገት በልቶት ቢሆን ግን አልመርጣትም ነበር፣ መካኒኩ ካነሳት በኋላ በመፍቻ ነካ ነካ አድርጎ ካረጋገጠልኝ በኋላ ነው የወሰንኩት፣ ወለሉ ከተበላ ሽጡና ቪትዙን ግዙ። ቤት ውስጥ ታሪኩን የምታውቁት መኪና ከሌለም፣ ልጁም የሚነዳው እዚሁ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ የተመረመረች ቪትዝ ትሻላለች።

ባለፈው እሁድ ከልጄ ጋር ግቢያችን ውስጥ ስኮርት ጎማውን አስወርጄ ክሪኩን ራሷ አስገብታ ጎማ ቀየረች፣ የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ፈጀባት፣ ቡሎኑ አልፈታ ብሏት በእግሯ ቆማበት ነው የፈታችው። በዚህ እሁድ በዝናብ እንደግመዋለን።