ሄሊዮስ ወይስ የቻይናው 35? ለሶኒ ርካሽ ማኑዋል ሌንስ ለምትፈልጉ

"ሄሊዮስ ልግዛ ወይስ ያንን የቻይናውን?" የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ከአራት ጓደኞቼ መጣ፣ ለአራቱም ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሁለቱም ማኑዋል ናቸው፣ ማለትም ፎቶውን የምታጠሩት የሌንሱን ቀለበት በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው፣ የቻይናው የምለው ደሞ ቲቲአርቲዛን 35 የሚባለውን ነው። ከአሁኑ ልናገር፣ እኔ የቻይናው ደጋፊ ነኝ። ሁለቱም አሉኝ፣ ሁለቱንም በገዛ ኪሴ ነው የገዛሁት፣ ሄሊዮሱ ግን አቃጥሎኛል።

ሂሳቡን ስሙ። ሄሊዮስ 44-2ን ፒያሳ ከአንድ ልጅ በ8,500 ብር ወሰድኩ፣ "ለሌላ ሰው 10 ነው፣ ላንተ ስለሆነ ነው" ተብዬ። የድሮ የሶቪየት ዜኒት ካሜራ ሌንስ ስለሆነ ሶኒ ላይ በቀጥታ አይገጥምም፣ ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ብረት (አዳፕተር) ሌላ 1,800። ደስ ብሎኝ አራት ኪሎ ቆሜ እንጦጦን ላነሳ ብል ቀለበቱን እስከ መጨረሻ አዙሬውም ተራራው አልጠራም አለ። ለካ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው፣ ውፍረቱ 27.5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ትንሽ ከበለጠ ሩቅ ያለው ነገር በቃ አይጠራም፣ የኔው ደሞ ከመወፈሩም በላይ ካሜራው ላይ ይወዛወዛል። ሌላ አዳፕተር፣ 3,200። ክረምት ሲመጣ ደሞ ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። ፒያሳ ስንት ዓመት ካሜራ ሲጠግኑ የነበሩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቃቸውን የቀየሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ፈልጌ አገኘኋቸውና ሰጠኋቸው። አየት አርገውት "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሻግቷል፣ ሌንስ ነው ዳቦ ነው የገዛኸው?" አሉኝ። ማጠቢያ 3,000። ደምሩት፣ 16,500!

የቻይናውን፣ ቲቲአርቲዛን 35 ኤፍ 1.4ን (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፣ ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ልጅ በ14,000 ነው የገዛሁት፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ያለምንም አዳፕተር ቀጭ ብሎ ይገባል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 73 ዶላር ነበር፣ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ ተንሳፍፎ ያለፈው ወር ዋጋ ዋጋ አይደለም፣ ደውላችሁ የዛሬውን ጠይቁ።

ከብሩ ሌላ ደሞ የቤታችን ጉዳይ አለ። እነዚህ ሴንሰራቸው አነስ ያለ እነ ሶኒ 6000 ካሜራዎች ላይ 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ እንደ 87 ሆኖ አቅርቦ ያጠባል፣ እና በእኛ ሳሎን ልደት ልታነሱ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም የሚገባላችሁ ልጁና ኬኩ ብቻ ነው፣ እናትየው ተቆርጣ ትቀራለች። 35ቱ ሁሉንም ይይዛል፣ ማታ መብራቱ ደከም ሲልም 1.4ቱ ያወጣችኋል። 1.4 ላይ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ 2.8 ስታደርጉት ግን ጥርት ነው።

ሄሊዮስን ግን አልሸጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር። ወዳጅነት ፓርክ ተመራቂ ስታነሱ ከኋላ ቅጠል ካለ 2 ላይ አድርጉትና ቅጠሉ ሰውየውን ዙሪያውን ሲከበው እዩ፣ ያንን ቻይናው አያመጣውም። ደሞ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል፣ ሽማግሌው ቡና ሳይጨርሱ ነው የሚበትኑት፣ ቻይናው ቢወድቅ መለዋወጫ የት ይገኛል? ከገዛችሁ 44-2ን ግዙ። 44ኤም-4 ከሆነ ከኋላ ያለችውን ፒን የሚጫን አዳፕተር ያስፈልገዋል፣ አለዚያ የቱንም ቁጥር ብትመርጡ እንደተከፈተ ይቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት ደሞ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከአንድ ወገን አስገቡና በሌላው ተመልከቱ፣ እኔ ይቺን ባደርግ ኖሮ 3,000 ብሬ ኪሴ ነበር።

አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፣ "ሲኒማቲክ ሌንስ" እየተባለ የሚሸጠው ትንሽዬ፣ 35 ኤፍ 1.7 የሚል። ኧረ ተዉት! ለሴኪዩሪቲ ካሜራ የተሠራ ነገር ነው፣ አዳፕተር ለጥፈውበት ነው የሚሸጡት፣ የፎቶው ጥግ ጥጉ ይጠቁራል።

የትኛውንም ብትገዙ ግን ካሜራው መጀመሪያ አላነሳም ይላችኋል፣ ሌንስ መኖሩን ስለማያውቅ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ያለ ሌንስ አንሳ የሚለውን አብሩት፣ ፒኪንጉንም አብሩት፣ የጠራው ቦታ በቀለም ይታያችኋል። አንዱ ጓደኛዬ ይሄን ሳያውቅ "የተበላሸ ሸጥክልኝ" ብሎ ከሻጩ ጋር ሊጣላ መንገድ ላይ ነበር የደወለልኝ።