ወንበሩን ተይውና ወደ ዛፎቹ ግፊኝ፦ አንድ ቅዳሜ በግላስጎ ግሪን

ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንዶች የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ባንዶች ለሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮና ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት በምግቡና በጭቃው ነው። በሙዚቃው አይደለም።

የምኖረው ጎቫን ነው፤ ግላስጎ ውስጥ፣ ከክላይድ ወንዝ በስተደቡብ። ከእኔ በታች ምድር ቤት አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ ሲሠሩ የኖሩ የሰፈሩ ሰው ናቸው። በልቤ "ጋሼ" ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን "ሄን" ይሉኛል። ሄን ዶሮ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተቀይሜ ነበር። እዚህ ከተማ ሴትን በፍቅር ሲጠሩ እንደዚያ እንደሚሉ የገባኝ ኋላ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ጋሼ "የዓለም ባግፓይፕ ባንዶች ሻምፒዮና ውሰጂኝ፣ እግሬ እምቢ ብሎኛል" አሉኝ። ስምንት ዓመት ግላስጎ ስኖር አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ባግፓይፕ ለእኔ ቡካናን ጎዳና ላይ ለቱሪስት የሚነፋ ራስ ምታት ነበር። ግን ሽማግሌ ሲለምን እምቢ አይባልም።

ውድድሩ በየዓመቱ በነሐሴ፣ ግላስጎ ግሪን የሚባለው ሰፊ ፓርክ ውስጥ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው የሚካሄደው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቤቱ ግላስጎ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ባንዶች ይመጣሉ፤ ከሕፃናት ቡድን ጀምሮ አንደኛ ደረጃ እስከሚባሉት ምርጦቹ ባንዶች። እኔ ቅዳሜውን፣ የፍጻሜውን ቀን መረጥኩ። ወንበር ያለው ትኬት ገዛሁ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር።

ጋሼ የሚደግፉት ባንድ አንድ ብቻ ነው፤ የፖሊሱን። ምክንያቱም የሰፈራቸው ልጅ ነው። ባንዱ የተቋቋመው በ1883 ጎቫን ውስጥ፣ በጎቫን ከተማ ፖሊስ ነው። በ1912 ጎቫን ወደ ግላስጎ ስትጠቃለል የግላስጎ ከተማ ፖሊስ ባንድ ተባለ። በ1975 ስትራትክላይድ ፖሊስ ሆነ። በ2013 የስኮትላንድ 8 የፖሊስ ኃይሎች አንድ ሲሆኑ ደግሞ ግሬተር ግላስጎ ፖሊስ ስኮትላንድ ፓይፕ ባንድ የሚል እንደ ባቡር የተቀጣጠለ ስም ወጣለት። ጋሼ ግን እስካሁን "ፖሊሶቹ" ብቻ ነው የሚሏቸው።

ፖሊስ ሙዚቃ ሲጫወት ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። እናቴ ሂሩት በቀለን የምታስታውሳት ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ዓለማየሁ እሸቴም እዚያው ቤት ዘፍኗል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው "ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው በዊልቸራቸው ከጎኔ። ባንዱ በሰልፍ ይገባና ክብ ይሠራል። ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፤ እርስ በርስ እየተያዩ ነው የሚጫወቱት። ለተመልካች የሚተርፈው ጀርባና ኪልት የሚሉት የወንዶቹ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ቆንጆ ነው፤ ግን ለጀርባ ብዙ ከፍያለሁ። ሁለት ባንድ እንዳለፈ ጋሼ ክንዴን ነካ አድርገው "ወንበሩን ተይውና ወደ ዛፎቹ ግፊኝ" አሉ።

እዚህ ላይ ነው ቀኑ የተጀመረው።

ባንዶቹ ተራቸው እስኪደርስ በፓርኩ ዛፎች ሥር ተበታትነው መሣሪያቸውን ያስተካክላሉ። አጥር የለም፤ ሦስት አራት እርምጃ ርቀህ መቆም ትችላለህ። ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ፖሊሶቹን አንድ ዛፍ ሥር አገኘናቸው፤ ከአሥራ አምስት በላይ ነፊዎች፣ ከኋላቸው ከበሮዎቹ።

መጀመሪያ ያፈርኩበትን ልናገር። ከፊት ረጅም ዘንግ ይዞ የሚሄደው ግርማ ሞገሳም ሰው አለቃቸው ይመስለኝ ነበር። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ ድራም ሜጀር ነው፤ ሰልፉን ይመራል። የባንዱ እውነተኛ አለቃ ግን ከነፊዎቹ አንዱ ነው፤ ፓይፕ ሜጀር ይባላል። ዜማ የሚመርጠው እሱ ነው። ማን ክቡ ውስጥ ይገባል፣ ማን ይቀራል የሚለውም እሱ። ከጎኑ ፓይፕ ሰርጀንት የሚባል ምክትል አለ፤ ታምቡሮቹ ደግሞ የራሳቸው መሪ አላቸው።

መሣሪያው ራሱ ስልቻ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። በአንድ ቧንቧ ይነፋሉ፤ በብብት እየጨመቁ አየሩን ያወጣሉ። ወደ ትከሻ የሚወጡት ሦስት ቧንቧዎች ድሮን ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ሳያቋርጡ ይይዛሉ። ዜማው ያለው ጣት የሚሯሯጥበት፣ ቻንተር የሚባለው ታችኛው ቧንቧ ላይ ነው። ያለችው 9 ኖታ ናት። ጩኸቱን መቀነስ የለም። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ደጋኑን አንስቶ ትንፋሽ ይወስዳል፤ እነዚህ እስከ መጨረሻው ዝም ማለት አይችሉም። ስለዚህ አንዱን ኖታ ሁለቴ ለማሰማት መሃል ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ሌላ ኖታ ያስገባሉ። ቡካናን ጎዳና ላይ ጆሮዬን ስትወጋኝ የኖረችው እሷ ናት ለካ።

ቧንቧዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ከሚባለው ዛፍ ነው። ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ይመጣል፤ ዛፉ እኛም አገር ቆላው ላይ ይበቅላል። እንግዲህ የስኮትላንዶች ኩራት የሆነው መሣሪያ እንደ እኔው ስደተኛ ነው።

ፓይፕ ሜጀሩ አንድ በአንድ ፊታቸው ይቆማል። ሰውየው እየነፋ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ የድሮኑን ጫፍ በፀጉር ስፋት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ጆሮውን ያስጠጋል። ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቻንተሮቹ ቀዳዳ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ የሚጠቀልልበት፣ ያው ናስትሮ። ቀዳዳውን ትንሽ ሲሸፍነው የዚያች ኖታ ድምፅ ወፈር ይላል። በጥፍሩ ገፋ ያደርገዋል፤ ያዳምጣል፤ መልሶ ይገፋዋል። በመሃል ፀሐይ ወጣች። ቻንተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ሰው። ከዚያ ደመና ሆነ። እንደገና። የግላስጎን ሰማይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሰውየው አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ዓይኑ ብቻ ነበር የሚናገረው። እናቴ ወጥ ስትቀምስ እንደዚያ ናት።

ታምቡሮቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ቆዳቸው በጣም የተወጠረ ነው፤ ሲመታ ባቄላ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ይመስላል። "ቆዳ" አልኩ እንጂ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ከሚሠራበት ዓይነት ፋይበር ነው የሚሠራው። ለፖሊስ ባንድ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? መካከለኛ ከበሮ የያዙት ደግሞ መምቻቸውን ከራሳቸው በላይ እያዞሩ ይጫወታሉ፤ ልጆች በጣም የሚወዱት እነሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬ ባንዱ ውስጥ ፖሊስ ያልሆኑም አሉበት። ቀሚስ የለበሰ ሁሉ አያስርም።

ስንጠብቅ ጋሼ ስለ ኢያን ማክሌለን አወሩኝ። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እሱ ፓይፕ ሜጀር ሳለ ባንዱ ከ1976 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከ1981 እስከ 1986 ያለውን ስድስት ዓመትማ በተከታታይ። "ሁሉም ሲነፉ አንድ ሰው ብቻ የሚነፋ ይመስል ነበር" አሉ። "በ1987ስ?" አልኩ በየዋህነት። በዚያ ዓመት ዋንጫውን 78ኛው ፍሬዘር ሃይላንደርስ የሚባል ባንድ ወደ ካናዳ ወስዶታል። "1987ን አታንሺብኝ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። በ1998 ሜልቦርን ያለው የቪክቶሪያ ፖሊስ ባንድ አውስትራሊያ ድረስ ይዞት ሲሄድ ግን ያን ያህል አልከፋቸውም። "እነሱ ቢያንስ ፖሊስ ናቸው።"

ተራቸው ሲደርስ ተከትለናቸው ወደ ሜዳው ሄድን። ከወንበሩ ሳይሆን ከገመዱ አጠገብ ቆምን። በፍጻሜው አንደኛ ደረጃዎቹ ሁለት ዙር ይጫወታሉ፤ አንዱ ማርች፣ ስትራትስፔይና ሪል የሚባሉ ሦስት ዓይነት ምቶች ተያይዘው የሚመጡበት ነው፤ ሌላው ባንዱ ራሱ ያቀናበረው ድብልቅ። ዳኞቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ነፊዎቹን፣ አንዱ ከበሮውን፣ አራተኛው ጠቅላላ ውህደቱን ያዳምጣል። ወረቀት ይዘው ክቡን ይዞራሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ታምቡሩ ሁለቴ ተንከባለለ። ስልቻዎቹ በአንድ ቅጽበት ተመቱ። ከዚያ ዜማው ገባ። ዛፉ ሥር ያንን ሁሉ ናስትሮ ሲገፋ ስላየሁ ጆሮዬ ምን እንደሚፈልግ አውቋል። ከነፊዎቹ አንዱን ለይቼ ለመስማት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ሲያቆሙም እንደዚያው፤ አንድም የዘገየ ጩኸት ሳይኖር፣ ቢላ እንደቆረጠው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ። ከአንዱ መኪና በርገር በ9 ፓውንድ ገዛሁ፤ ድንቹ ቀዝቃዛ፣ ሥጋው እንደ ካርቶን። ቡናው ቡና መባል የለበትም። ደግነቱ አምባሻና ቆሎ ይዤ ሄጄ ነበር። ጋሼ ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ስለሆነ ቆሎውን ፈሩት፤ አምባሻውን ግን ግማሹን ጨረሱት። ለሽንት ቤት ሃያ ደቂቃ ተሰልፌያለሁ። ዋና ዋና መንገዶቹ አስፋልት ስለሆኑ ዊልቸር ጥሩ ይሄዳል፤ ከዝናብ በኋላ ሣሩ ላይ ግን ጎማው ይሰምጣል። አንድ አስተናባሪ ወጣት ሳልጠይቀው መጥቶ ባያግዘኝ እስካሁን እዚያው ነበርን። ቦት ጫማ አድርጉ። የዝናብ ልብስም ያዙ፤ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ይጋርዳል።

ትኬቱን በሚመለከት፣ ተራው መግቢያ ይበቃል። ወንበር የሚያስፈልገው እግሩን ለሚያመው ሰው ነው፤ የእኛ ሰውዬ ደግሞ ወንበራቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ማምሻውን ባንዶቹ ሁሉ በአንድነት በሰልፍ ገብተው ውጤት ይነገራል። እኛ አልጠበቅንም፤ በርዶን ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ "ማን እንዳሸነፈ ልይልዎት?" አልኳቸው። ጋሼ በመስኮት ወንዙን ያያሉ። "እሱ የአራቱ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ሄን" አሉ። ከዚያ ቦርሳዬን አየት አድርገው፣ "ያ ዳቦ አልቋል?"