ፈሪ ዳክዬን ማላመድ፦ ይዞ ማቀፍ ወይስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ?

ዳክዬዎቻችሁ ገና ሲያዩአችሁ በርግገው የሚሸሹ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ በየቀኑ ይዞ እያቀፉ ማላመድ፣ ወይም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እስኪመጡ መጠበቅ።

ይዞ ማቀፉ ፈጣን ይመስላል። ለጫጩቶች እውነትም ይሠራል፣ በተለይ ገና እንደተፈለፈሉ፤ ያኔ አጠገባቸው ያገኙትን እንደ እናት ይከተላሉ። ያደገውን ለመያዝ ግን መጀመሪያ ማባረር አለባችሁ፣ የሚያባርረው ደግሞ ለእሱ አዳኝ ነው። ከላይ የሚወርድ እጅም ከጭልፊት አይለይበትም።

እኔ መጠበቁን ነው የምመርጠው። መሬት ላይ ቁጭ በሉ፣ ትክ ብላችሁ አትዩአቸው፣ ውሃ ባለበት ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ለስላሳ አረንጓዴ አተር በትኑና ሳህኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ እናንተ አስጠጉት፤ ዳክዬ ከውሃ ውስጥ እየለቀመ መብላት ነፍሱ ነው፣ ቀስ በቀስ ያንን ደስታ ከእናንተ ጋር ያያይዘዋል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አንዷ ደፍራ ከቀረበች ሌሎቹም ይከተላሉ። አንዱን ለይታችሁ ግን አትጀምሩ፣ ከመንጋው የተነጠለ ዳክዬ ይበልጥ ይሸበራል።

ለሕክምና መያዝ ግድ ሲሆን ክንፎቹን ወደ ጎኑ ሰብስባችሁ ከሥር ደግፉት። በእግሩ አታንሱት፣ በቀላሉ ይጎዳል።