ደሴ ላይ ኒካሄን ያሰሩልኝ ሼህ፦ ከ5 4 ሰጥቻቸዋለሁ

ደሴ ውስጥ ኒካህ (የሙስሊም ጋብቻ ውል) የሚያስር ሰው አይጠፋም። በየሰፈሩ መስጊድ ኢማም አለ፣ ከዘመድ መሀልም የቀራ ሼህ አይታጣም። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። "ድምፃቸው ያምራል፣ ዱዓቸው ያስለቅሳል" ተብሎ ይጠራሉ፣ መጥተው አስረው፣ በልተው ይሄዳሉ። የኛው ሼህ ግን ከሰርጉ በፊት ቤት ድረስ መጥተው በጥያቄ ወጠሩን፣ እኔም የወደድኩላቸው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ወሊዬ (ኒካህ ላይ ስለሚድረኝ ወንድ ዘመድ) ነው። አባታችን በሕይወት የሉም፣ ወሊዬ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ ጅዳ ነው (የወሎ ቤት ሁሉ አንድ ሰው እዛ አለው መቼም)። ዘመዶቼ ዕለቱን በኢሞ ደውሎ ይዳራት አሉ። ሼሁ እምቢ አሉ። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቢቆረጥ ምን ልትሆኑ ነው? ይልቅ ቀደም ብሎ፣ ሁለት ምስክሮች እያዩትና እየሰሙት፣ ኮምቦልቻ ያለውን አጎቴን በቪዲዮ እንዲወክል አደረጉ። በዕለቱ አጎቴ የሙሽራውን እጅ ይዞ በውክልናው ዳረኝ፣ እሱም ተቀበልኩ አለ፣ አለቀ።

ቀጥሎ እኔ ተጠየቅኩ። እናቴን "እስቲ ቡናውን ይዩልን" ብለው በዘዴ አስነሷትና "ልጄ፣ ወደሽው ነው? ያስገደደሽ የለም?" አሉኝ። መታወቂያዬንም አዩ፣ 18 ላልሞላት አላስርም ነው የሚሉት። ከዚህ በፊት አግብተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ዒዳ (ከፍቺ ወይም ከባል ሞት በኋላ ሴቷ የምትጠብቀው ጊዜ) ላይ አይደለሽም ወይ ሲሉ አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ። እሳቸው እቴ! ባሏ የሞተባት 4 ወር ከ10 ቀን ሳትጠብቅ ባስር ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለው ቀጠሉ።

መህሩ (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ጥሎሽ) ላይ ደግሞ ጭራሽ አልተላቀቁንም። ሽማግሌዎች "እሱ አያጣላንም" ብለው ማለፍ ይወዳሉ፣ የሚያጣላው ግን እሱ ነው። መህር የሙሽራዋ ሐቅ ነው፣ የወንድሟም የእናቷም አይደለም፣ ስለዚህ ስንት እንደሆነ፣ አሁን የሚሰጠው የቱ፣ የሚቆየው የቱ እንደሆነ እኔው በአፌ እንድናገር አደረጉ። ወርቁን በብር ሳይሆን በግራም ጻፉት። ብሩ እንዴት እንደሚወርድ እያየን አይደል!

አንድ ነጥብ የቀነስኩት በሰዓት ነው። ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ተባብለን ዐስር (የከሰዓቱ ሶላት) ሊደርስ ሲል መጡ። ኮምቦልቻ ሌላ ኒካህ ነበራቸው፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፈው ቀሩ። ስልክ አያነሱም። እንግዳው በርሃብ ደርቆ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ይባስ ብለው ኹጥባውን (የኒካሁን ንግግር) አስረዘሙት፣ የባል ሐቅ፣ የሚስት ሐቅ፣ የአማት ሐቅ ሳይቀር። ቁም ነገር ነው፣ ግን ለተራበ ሰው አይሆንም።

የኒካሁን ወረቀት እዛው አስፈርመው ሰጡን። ይቺ ግን ለቀበሌ አትበቃም፣ 30 ቀን ሳይሞላ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ምስክሮቹንም ይዛችሁ ሂዱ ብለው ነገሩን። ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬን ያሰረላት ሰው ይህን አልነገራት፣ ወረቀትም አልሰጣት። በኋላ ማስረጃ ስትጠየቅ አንዱ ምስክሯ ዓረብ አገር ገብቷል። ፍዳዋን ነው ያየችው።

ክፍያን በተመለከተ ዋጋ አይናገሩም፣ "የቻላችሁትን" ነው መልሳቸው። ይሄ አነጋገር ደግሞ ከዋጋ በላይ ያስጨንቃል። እኛ ያገናኘንን ኢማም የተለመደውን ጠይቀን በፖስታ ሰጠን፣ ትራንስፖርቱን ለብቻው ቻልን።

ሰርጋችሁ ሸዋል (ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ወር) ላይ ከሆነ ረመዳን ሳይገባ ያዟቸው፣ ከዒድ በኋላ አይገኙም። በዛው ቀን ሌላ ኒካህ እንዳላቸውም ጠይቁ፣ ካላቸው የናንተን ጠዋት አድርጉት።